በፀጉር የታሰረችው ዝንብ

ወንድሜ አንሙት ሚስቱን ያጣት በአንድ ቃል ነው። ሌላው ሰው በመጠጥ፣ በቅናት፣ በማጣት ትዳሩን ያፈርሳል፤ የኔው ጉድ ግን ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብሎ «አዎ፣ አስሬያታለሁ» አለና አፈረሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ቃሉ ሲወጣ ከጎኑ ነበርኩ። እስካሁን ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳስበው እግሬ መርገጡን ያቆማል።

እስከዳር እባላለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ የሴት ቀሚስ እሰፋለሁ። አንሙት ታናሼ ነው። እናታችን በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ምላስሽ ስለት ነው የሚሉኝ አሉ፤ ቀኑን ሙሉ መቀስ ይዛ የምትውል ሴት ምላሷ ቢሾል ምን ይገርማል? ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ እንዳሻው ሲያወራው ስለሰለቸኝ ነው የምናገረው። ይጁቤ ገበያ የሚወራው ሌላ፣ እዚህ ሱቄ ደጃፍ የሚወራው ሌላ። የሆነውን የማውቀው ግን እኔ ነኝ።

አንሙት በጉርምስናው መርጡለ ማርያም ሄዶ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። ጎበዝ ነበር አሉ። መምህሩም ይወዱት ነበር። በኋላ ታይፎይድ አጣደፈውና ተሸክመው አመጡልኝ፤ ድኖ ከተነሳም በኋላ አልተመለሰም። ትምህርቱ ቢቀርም ጠባዩ ግን አብሮት ቀረ፦ አንድ ቃል ሲነግሩት ሁለት ሆኖ ይሰማዋል። «ሻይ ልቅዳልህ?» ስለው፣ «ከማን ነው የምትቀጂው እታለም? የራስሽን ብትሠሪ አይሻልም?» ይለኛል። እኔም በማማሰያ እለዋለሁ።

ሥራ ያገኘው ከጮቄ ሥር፣ ቀዝቃዜ የሚሉት ወንዝ ዳር ካለች ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነው። በዚያ ወንዝ ውስጥ ትራውት የሚባል፣ ጎኑ ነጠብጣብ የሆነ ዓሣ አለ። ድሮ ከሌላ አገር በበርሜል አምጥተው ነው የለቀቁት ይባላል። ውሃው እጅ ያደነዝዛል፤ ዓሣው ግን ወዶት ተዋልዶበታል። ይህን ዓሣ ለማጥመድ ብለው ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች አሉ። የሚያጠምዱት በትል አይደለም፤ በዝንብ ነው። ዝንብ ስላችሁ ጉድፍ ላይ የሚያርፈውን አይደለም። ትንሽዬ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ሱፍና ክር እየጠመጠሙ ውሃ ላይ የሚያርፍ ነፍሳት የሚያስመስሏት ነገር ናት። ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ፣ አንዷን የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎብኝ እፍ ብያታለሁ፤ ትበራለች ብዬ።

ሙያውን ያስተማረው እንግዳ ሆኖ የመጣ አንድ ኬንያዊ ነው። ሰውየው ሲሄድ የአውራ ጣት የምታህል ሞርሳ ትቶለት ሄደ፤ መንጠቆዋን ነክሳ የምትይዝ። ታዲያ ኬንያዊው በእንግሊዝኛ ያለውን አንሙት ወደ አማርኛ ሲመልሰው ምን አለው? ማሰር። ዝንብ ማሰር። መሥራት ቢለው፣ መጠምጠም ቢለው፣ መቋጠር ቢለው ምን ነበረበት? «ክሩ የሚይዛት ቋጠሮው ስለሆነ ነው፤ ሌላ ቃል አይሆናትም» አለኝ። የቅኔ ቤት ልጅ ከአገር ይጣላል እንጂ ከቃል አይጣላም።

ላባውን ከየት ያመጣል መሰላችሁ? ከአውራ ዶሮ ማጅራት። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ደግሞ የገብስማ ዶሮ ላባ ነው፤ ነጭና ጥቁሩ ሲቀላቀል ውሃ ላይ ክንፍ የሚንቀጠቀጥ ያስመስላል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ገብስማ አውራ ዶሮ ይመርጣል። ሻጮቹ ይተያያሉ። በኛ አገር አንድ ጤነኛ ጎልማሳ፣ ያውም ቅኔ ቤት የነበረ፣ ገብስማ ዶሮ እየመረጠ ሲገዛ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። «አዋቂ ቤት ሊወስደው ነው» ይላል፤ አለበለዚያም «አዋቂው ራሱ ነው» ይላል። እኔም ይህንኑ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

ሔዋንን ያገኛት ሱቄ ውስጥ ነው። የይጁቤ ልጅ ናት፤ እዚህ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። ቀሚስ ልትለካ መጥታ ቆማ ሳለ አንሙት ከጥልፍ ክር ሣጥኔ ውስጥ እየፈተፈተ ነው። ሁለት ቢጫ ክር በጣቱ ይዞ፣ ዞር ብሎ፣ ጨርሶ የማያውቃትን ልጅ፣ «የቱ ይሻላል?» አላት። «ለምን?» አለችው። «ለሆድ» አላት። የዝንቧን ሆድ ማለቱ ነው። እሷ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ደብዛዛውን ቢጫ መረጠችለት። ፈዛዛ ነው፣ አይሆንም ብዬው የነበረውን ማለቴ ነው። በዓመቱ ተጋቡ።

ከወንዙ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ገቡ፤ እሷም ወደ ቀበሌው ትምህርት ቤት ተዛወረች። እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔም እዚያው እወጣ ነበር። አንሙት የዝንቦቹን ሣጥን ይከፍትላትና «ምረጪ» ይላታል። ዓሣ ሞኝ እንዳይመስላችሁ። የዚያን ዕለት ከውሃው የሚወጣውን ነፍሳት የምትመስለዋን ካልሆነ ሌላውን ዞር ብሎ አያይም። አንሙት ለእንግዶቹ ሲመርጥ መጀመሪያ ድንጋይ ገልብጦ ሥሩን ያያል፤ ቀጥሎ ቁጥቋጦ ውስጥ የሸረሪት ድር ይፈልጋል። «ሸረሪቷ ዛሬ ምን እንደበላች ካየሁ ዓሣውም የሚበላው እሱን ነው» ይላል። ሔዋን ግን የምትመርጠው መልኳ ያማረውን ነበር። ጥቅምት ላይ የሰኔዋን፣ ሰኔ ላይ የጥቅምቷን። እሱም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የመረጠችለትን ክሩ ላይ ያስርና ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲወረውር ይውላል። አንድም አይዝም። «ቀይራት እንጂ!» ስለው፣ «ተመርጣልኛለች እኮ እታለም» ይለኛል። ባል ያላገባሁ ሴት ነኝ፤ ግን እንዲህ ያለውን ሳይ ትንሽ ይቆጨኝ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም።

ለየዝንቡም ስም ነበረው። ራሷ በነጭ ክር የተጠመጠመው «ቄሰ ገበዝ» ናት። ግራጫዋ «ባልቴቷ»። መንጠቆዋ ከሁሉም የሾለው ደግሞ፣ ምን ይሏታል ብትሉኝ፣ «እታለም» ናት። እኔ መሆኔ ነው። ሔዋን አዲስ ዝንብ ባየች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው «ስሟ ማን ነው?» ብላ ነበር። ስሙን ሲነግራት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ይህችን ጥያቄ ልብ በሉልኝ።

ከዚያ መከራው መጣ። የመጀመሪያው ፅንስ ወረደባት። ሁለተኛው ሊወለድ ሲቃረብ ሆዷ ውስጥ ሞተ። ሐኪሙ ሾተላይ ነው አለ፤ የባልና የሚስት ደም አለመስማማት እንደሆነ፣ ከመጀመሪያው በኋላ በጊዜው ልትወጋው የሚገባ መርፌ እንደነበረ፣ አሁን ግን ከባድ እንደሆነ አስረዳቸው። መርፌውን ማን ነግሯቸው? መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ፣ እንግዳም ቀርቶ፣ ከዚያ ተራራ ሥር ሐኪም ቤት መድረስ ራሱ ስለት የሚያስገባ ነገር ነበር።

ሔዋን ዝም አለች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ዝም ነው ያለችው። አንድ እሑድ አንሙት ሣጥኑን ከፍቶ እንደ ድሮው «ምረጪ» አላት። ቀና እንኳ ሳትል «አንተ ምረጥ» አለችው። ወንድሜ ሁለቱን ልጆች ሲያጣ ያላለቀሰው ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ጓሮ ዞሮ ስላለቀሰ እሷ አላየችውም። «እታለም፣ ዳግመኛ እንድትመርጥ ማድረግ አለብኝ፤ እሱን ካደረግኩ ሌላው ይመጣል» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳቡ ሁሉ ይኸው ብቻ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ከቀዝቃዜ የምትበር አንዲት ነፍሳት አለች፤ ጥቁር ትመስላለች፣ ፀሐይ ሲያገኛት ግን ወደ ቀይ ትወስዳለች። አንሙት ለዓመታት ሊሠራት ሞክሮ አልሆነለትም። የበግ ሱፍ ሞከረ፣ ቀላ። የውሻ ፀጉር ሞከረ፣ ጠቆረ። ከኔ ሱቅ ያልወሰደው የክር ዓይነት የለም። አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ግድግዳው ላይ አረፈች። የኛ ሴቶች ሲያበጥሩ የሚረግፈውን ፀጉር ሜዳ ላይ አይጥሉም። ክፉ ሰው አንስቶ እንዳይሠራበት ድብልብል አድርገው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወትፉታል፤ እኔም እወትፋለሁ። ያቺ ፀሐይ የሔዋንን ድብልብል ፀጉር አገኘችው። ጥቁር ነበር፤ ሲበራበት ቀላ።

እንግዲህ ይህ የተማረ ሞኝ ተነስቶ ወሰደው። ሳይጠይቅ። «የገዛ ቤቴ ግድግዳ ነው» ብሎ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ለሆዷ የሔዋንን ፀጉር፣ ለክንፏ የገብስማ ላባ፣ ለጭራዋ ያን የመጀመሪያ ቀን የተመረጠለትን ደብዛዛ ቢጫ ክር አድርጎ አንዲት ዝንብ አሰረ። ሱቄ ድረስ ይዟት መጣ። በሕይወቴ እንደሷ ያለች ሥራ አላየሁም። ከምን እንደሠራት ግን አልነገረኝም፤ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ እዚያው በመቀሴ ብጥስጥሷን አወጣው ነበር።

ወንዝ ወርዶ ሞከራት። ገና እንዳረፈች ክንድ የሚያህል ዓሣ ጎርሷት ብቅ አለ። አንሙት ዓሣውን ጠብሶ ለሔዋን አቀረበላት። እህል ሸሽቷት የሰነበተችው ሴት ቁጭ ብላ በላች፤ «ጣፋጭ ነው» አለችም። ምን እንደያዘው ግን አልነገራትም። ዝንቧን መልሶ ሣጥኑ ውስጥ መሐል ላይ ሰካትና ዝም አለ። ለምን ስለው፣ «ራሷ እንድትመርጣት ነው የምጠብቀው፤ ያን ጊዜ ስሟ ማን ነው ትለኛለች፣ ያን ጊዜ እነግራታለሁ» አለኝ። እየጠበቀ ሳለ አማቱ መጡ።

ወይዘሮ ደብሪቱ፣ የሔዋን እናት፣ ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከይጁቤ መጡ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ እጠላቸው ነበርና እገላገል ነበር። ሁለት የልጅ ልጅ ሳያቅፉ የቀሩ እናት ናቸው። ቤት ሲያጸዱ ሣጥኑን ከፈቱ። መሐሏ ላይ ያለችውን አነሷት፣ ወደ ብርሃን ወሰዷት፣ አወቋት። ልጅ ሆና ሹሩባ የሠሩት ፀጉር ነው፤ እንዴት ይጠፋቸዋል? ሄደው የግድግዳውን ስንጥቅ ቢያዩት ባዶ። ወደ ጓሮ ቢወጡ ማጅራቱ የተነጨ ገብስማ ዶሮ ይዞራል። ጩኸታቸው ወንዙ ድረስ ተሰማ አሉ። አንሙት ሮጦ ሲደርስ ልጃቸውንና ዝንቧን ይዘው መንገድ ጀምረዋል።

ይጁቤ እንደደረሱ፣ ቁይ አካባቢ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ አለና እሱ ጋ ወሰዷት። እሱም ዝንቧን አየና «ማህፀኗ ታስሯል» አለ። የሚከፈለው ለዚህ ነውና ሌላ ምን ይላል? «በምግብም ሰጥቷታል» ብሎ ጨመረበት። የበላችው ዓሣ ትዝ አላት። ሐኪሙ ሾተላይ ብሏል ብላ ብትናገር፣ እናቷ «ሾተላይስ ያለ ምክንያት ይመጣል?» አሏት። ከዚያ ጠበል አስገቧት። አንሙት ሄዶ ደጅ ቢጠና አላስቀርብ አሉት። በመጨረሻ ይታያል የሚባሉ፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ ልናስታርቅ እንሰብሰብ አሉ። እኔም ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ምላሴን እንድይዝ ለራሴ ምዬ፣ ከወንድሜ ጋር ይጁቤ ወረድኩ።

የወይዘሮ ደብሪቱ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው የተቀመጥነው። ሔዋን ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ ተከናንባ ከእናቷ ጀርባ ተቀምጣለች። ዝንቧን በጨርቅ ጠቅልለው ወንበር ላይ አኑረዋታል፤ እጃቸው እንዳይነካት። አቶ ይታያል ጨርቁን ገለጥ አድርገው፣

«አንሙት ልጄ፣ የመጣነው ቤት ልንሠራ ነው እንጂ ልናፈርስ አይደለም። ስለዚህ ሳታወላዳ መልስልኝ። ይህችን ታውቃታለህ?» አሉት።

«አውቃታለሁ አባቴ።»

«አስረሃታል?»

ወንድሜ ዝንቧን አየና፣ «አዎ፣ አስሬያታለሁ» አለ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ጉንጫቸውን ነጩ። «ሰማችሁ? በገዛ አፉ!»

«በፀጉሯ?» አሉ አቶ ይታያል።

«በፀጉሯ።»

«ሳታውቅ?»

«ሳታውቅ ነው፤ ላስደስታት ብዬ ነው እንጂ…»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «አባቴ ይስሙኝ!» ብዬ ተነሳሁ። «ማሰር እኮ የሙያው ቃል ነው። ዝንቧን አሰረ፣ ክር ጠመጠመ ማለት ነው እንጂ ልጅቷን አሰረ ማለት አይደለም። ሥራው ነው፤ ሣጥን ሙሉ አስሯል። በኔም ስም አስሯል!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። «ለዚህ ነዋ ልጄ» አሉኝ፣ «አንቺስ ባል ሳታገኚ የቀረሽው።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ልሟገት የተነሳሁት ተሰድቤ ተቀመጥኩ። በቁጣ ቢናገሩኝ መልስ አላጣም ነበር፤ ሴትየዋ ግን ከልባቸው አዝነውልኝ ነው የተናገሩት።

ያን ጊዜ ነው ሔዋን ከጀርባ ሆና ድምፅዋን ያሰማችው።

«አንሙቴ» አለች፣ «ስሟ ማን ነው?»

እኔ እንደማውቃት፣ ልትስቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው። ባልቴቷ ናት ቢላት፣ ቄሰ ገበዝ ናት ቢላት፣ ያቺን የእሑዱን ሳቅ ልትስቅና ተነስታ ከጎኑ ልትቀመጥ ነበር። ይህን ማንም አያስለውጠኝም። በሩን ከፍታለት ነበር።

ወንድሜ ግን የሚጠብቀው ጥያቄ መጣለት። ስንት ጊዜ የተመኘው ጥያቄ ነው። ፊቱ እንዴት እንደበራ ባያችሁት! ቦታውን ረሳው፣ ሽማግሌውን ረሳው፣ ወይዘሮ ደብሪቱን ረሳቸው።

«ሔዋን» አላት። «ስሟ ሔዋን ነው።»

በፀጉሯ፣ በስሟ፣ በገብስማ ላባ። አዋቂ ነኝ ባዩ እንኳ ይህን ያህል አልተናገረም ነበር። ሔዋን ብድግ አለችና ወደ ኋላዋ እየሸሸች ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተነደፈች ናት። ስትሸሽ ነጠላዋ ከራሷ ወደቀ። ጠበል ላይ ላጭተዋት ኖሯል። ያ ሁሉ ፀጉር የለም። ዓይኗን አየሁት። ሌባ ሲያዩ፣ ጅብ ሲያዩ የሚፈሩትን ዓይነት ፍርሃት ነው የፈራችው፤ ያን ደብዛዛ ቢጫ ክር የመረጠችለትን ሰው።

አንሙትም አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

«በል እንግዲህ» አሉ አቶ ይታያል፣ «ያሰርክ አንተ ነህ። ፍታት።»

መቀስ አቀረቡለት፤ አልፈልግም አለ። መሐረቡን ጉልበቱ ላይ አነጠፈና የቋጠሮዋን ጫፍ በጥፍሩ ፈለጋት። ከራሷ ጀምሮ፣ እንዳሰራት በተቃራኒው፣ ዙር በዙር ፈታት። መጀመሪያ ላባዋ ረገፈ። ቀጥሎ ቢጫው ክር። በመጨረሻ ፀጉሯ፣ አንድም ሳይበጠስ፣ ጉልበቱ ላይ ተጠቅልሎ ቀረ። የኔ እጅ እንኳ እንደዚያ አይፈታም፤ ስፌት ስተረትር እበጥሳለሁ። ወይዘሮ ደብሪቱ ፀጉሩን በእንጨት አንስተው እሳት ውስጥ ጨመሩት። የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ፈታሃት?» አሉት አቶ ይታያል።

«ፈታኋት።»

«ዝንቧን ነው የፈታው!» ብዬ ጮህኩ። «ዝንቧን ነው፣ ሚስቱን አይደለም!»

አቶ ይታያል ሚዛናዊ ሰው ናቸው፣ አልዋሽባቸውም። እጃቸውን አንስተው ሰውን ሁሉ ዝም አሰኙና ወደ ወንድሜ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ቃል ከባድ ነው። የትኛዋን ነው የፈታኸው?»

አንሙት ወደ ሔዋን ቀና ብሎ አየ። እሷ አሁንም ግድግዳው ላይ ናት፤ በሁለት እጇ የተላጨ ራሷን ሸፍናለች።

«ሁለቱንም፣ አባቴ» አለ።

በመልስ መንገድ፣ ሚኒባሱ ደብረ ማርቆስ ሊገባ ሲል አልቻልኩምና፣ «ምነው? ምነው አንሙት? ዝንቧን ነው ብትል ይለቁህ ነበር እኮ! ጊዜ ሲያልፍ ትመለስልህ ነበር!» ብዬ ክንዱን ነቀነቅኩት።

«ትመለስ ይሆናል» አለኝ። «ግን አየሻት አይደል? ማታ ከጎኔ ስትተኛ ልትፈራ ነው። የሰጠኋትን ውሃ ልትፈራ ነው። ፀጉሯን ያበጠረች ቀን የት እንደምትደብቀው ልትጨነቅ ነው። እታለም፣ እውነትም ታስራ ኖሯል። እኔ አላሰርኳትም፤ የምትፈታው ግን በኔ ብቻ ነው።» ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ተሳፋሪው ሁሉ ያየው ነበር፤ እኔም ነጠላዬን ዘርግቼ ከለልኩት።

አሁንም እዚያው ማረፊያ ነው የሚሠራው። እንግዳ ሲመጣ ድንጋይ ይገለብጣል፣ የሸረሪት ድር ያያል፣ ይመርጣል። ቅዳሜ ገበያ ግን ገብስማ ዶሮ የሚሸጥለት ሰው የለም። ያቺን ዝንብ ደግሞ ዳግመኛ አላሰራትም። ክረምት ሲወጣ ጥቁሮቹ ነፍሳት ወንዙን ይሞሉታል፤ እሱ ለእንግዶቹ «ለዚህች የሚሆን የለኝም» ይላቸዋል። ሣጥኑ ውስጥ መሐሉ ባዶ ነው።

ሔዋን አገባች፤ እዚያው ይጁቤ፣ አንድ የእህል ነጋዴ። ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች። ደሟ ከሰውየው ደም ተስማምቶላት ነው፤ ሐኪሙ የተናገረው ይኸው ነበር። ግን ማን ይሰማል? «አያችሁ? ሲፈታት ወለደች» አለ አገሩ ሁሉ። ከእንግዲህ የወንድሜን ስም የሚያጥብ ጠበል የለም። ያ ሕፃን ባደገ ቁጥር፣ ጤናማ በሆነ ቁጥር፣ የአንሙት ጥፋት ይመሰከራል። ሆኖም ልጁን ልጠላው አልቻልኩም።

ሰሞኑን ቅዳሜ ገበያ መሐል ከሔዋን ጋር ድንገት ፊት ለፊት ተገናኘን። ልጇን አዝላለች። ወፍራለች፣ አምሮባታል። ደስ ብሎኝ ነው መሰል «ሔዋንዬ!» ብዬ እጄን ዘርግቼ ተንደረደርኩ። እሷ ግን ክው አለች። ፈጠን ብላ ነጠላዋን በሁለት እጇ ወደ ግንባሯ ሳበች፤ አንዲት ዘለላ ፀጉር እንኳ እንዳይታየኝ፣ ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ያዘችው። ቀጥላም የልጇን ራስ በመዳፏ ሸፈነች። «ደህና ነሽ እትዬ እስከዳር?» አለችኝ ነጠላዋን እንደነከሰች፤ መልሴን ሳትጠብቅ ሰው መሐል ገባች። እጄ እንደተዘረጋ ቆምኩ።

በማግስቱ አንሙት ጋ ወጣሁ። ላልነግረው ነበር፤ ፊቴን አይቶ አወቀ። ሞርሳዋ ባዶ መንጠቆ ነክሳ ተቀምጣለች።

«አየሻት?» አለኝ።

«አየኋት።»

«ልጁስ?»

«ደህና ነው። ያምራል።»

«ተመስገን» አለ። ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ ክሩን በጣቱ እየጠቀለለ፣ እየፈታ፣ እንደገና እየጠቀለለ ቆየና ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ፀጉሯስ እታለም? አደገላት?»

እኔ እስከዳር፣ ምላሴ ስለት የሆንኩት፣ ያላየሁትን ምን ልበለው? ከኛ እየደበቀችው ነው ልበለው?

«አድጓል» አልኩት። «አድጓል፤ ወገቧ ደርሷል።»

ፈገግ አለ።